የሦስት ወር ፊርማ

«እስቲ የመርፌ ካርዶቹን» አሉ ዶክተር ፍስሐ።

ፈድሊያ የወንድሟን የሸምሱን ካርድ አቀበለች። ሸምሱ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ቁና ቁና ይተነፍሳል። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከሰፈራቸው ከቦሳ ኪቶ ሆስፒታሉ እስኪደርሱ አራት ጊዜ አርፏል። በጉሮሮ ሕመም የጀመረው በሽታ ልቡ ላይ ወጥቶ፣ ደም የሚያስተላልፈውን ቫልቭ አበላሽቶበታል። እንዳይብስበት በየወሩ መርፌ እንዲወጋ ታዞለታል።

«ዶክተር፣ ልቤን አውጥተው የሌላ ሰው ሊከቱልኝ ነው? እንደሱ ይደረጋል ሲሉ በሬዲዮ ሰምቻለሁ» አለ።

«የለም፣ ያንተው ልብ ይበቃሃል። የሚቀየረው ቫልቩ ብቻ ነው።» ከዚያ ወደ ሁለቱ ታማሚ ልጆች ወላጆች ዞሩ። «ለቀዶ ጥገና ከጅማ ወደ ውጭ አገር የሚላከው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ዕድሜ ልክ በየቀኑ መድኃኒት አለ። ከተዘለለ ደም ይረጋል፤ ልጁም ይሞታል። ስለዚህ የምልከው መርፌውን ሳያቋርጥ የተወጋውን ነው።»

ሁለቱን ካርዶች ጎን ለጎን አስቀመጡ። ከየቡ በኩል የመጣው የሌላው ልጅ፣ የኑሪ፣ ካርድ አንድ ወር ይጎድለዋል። የሸምሱ ግን ሙሉ ነው።

«ሸምሰዲን ይሄዳል» አሉ።

«አልሃምዱሊላህ!» አለች እናታቸው ዘይቡ፣ ፊቷን በሻሿ ሸፍና።

የፈድሊያ ዓይን ግን ከካርዱ ላይ አልተነቀለም። የመጨረሻዎቹን ሦስት ወሮች የፈረመችው እሷ ናት! ሸምሱን ለመርፌ የምትወስድበት ቅዳሜ ከቀበሌው የኪነት ልምምድ ጋር ተጋጨባት። ለአብዮት በዓል ከፊት ቆማ የምትዘፍነው እሷ ነበረች፤ እንዴት ትቅር? ሸምሱም መርፌ እንደ ሞት ይፈራል። «ዛሬስ ብዘለው?» ሲላት «ዝለለዋ፣ ማን ያውቃል» አለችው። መርፌ የሚወጋውን ነርስ ፊርማ ካርዱ ላይ ማስመሰል ምንም አልከበዳት። በሦስተኛው ወር ልጁ እንደገና አተኮሰው፤ ከዚያ ወዲህ ደረጃ መውጣት አልቻለም። ዘፈኑ ገደል ይግባ!

ከቢሮው ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ የኑሪ አባት፣ አባ ቲጃኒ፣ የሸምሱን ራስ ዳበሱ።

«እንኳን ደስ አላችሁ። እኛን ያቺ አንድ ወር ጉድ ሠራችን። ወንዙ ሞልቶ፣ በትከሻዬ ተሸክሜው እስከ ደረቴ ገባሁ፤ አላሳልፍ አለን። ምን ይደረግ፣ ረቢ ያውቃል። አንተ ድነህ ተመለስ፣ ልጄ።»

ኑሪ ከኋላቸው ከንፈሩ ጠቁሮ ግድግዳውን ተደግፏል።

ፈድሊያ ወደ ዶክተሩ ቢሮ ስትመለስ ዘይቡ እጇን ለቀም አደረገቻት።

«ወዴት ነው?»

«ዶክተሩን የማናግራቸው ነገር አለኝ።»

«አውቃለሁ» አለች እናቷ በሹክሹክታ። «መርፌ ሲወጋ ሁለት ቀን ያነክሳል። ሦስት ወር ሙሉ ግን አላነከሰም። ዛሬ ካርዱን ሙሉ ሳየው ነው የገባኝ። ዝም በይ! ወንድምሽ ነው። መድኃኒቱን እኔ ራሴ እሰጠዋለሁ፤ ወላሂ አንዲት ቀን አላሳልፍበትም።»

እውነቷን ነው፣ አታሳልፍም። ፈድሊያን ያንገበገባት እሱ ነው። እናቷ እንደምታስታምመው ታውቃለች፤ አባ ቲጃኒም ኑሪን እንደዚያው እንደሚያስታምሙት ታውቃለች።

«እማዬ፣ ልቀቂኝ።»

ዘይቡ ጭራሽ ጠበቅ አደረገቻት። ፈድሊያ የእናቷን ጣቶች አንድ በአንድ አላቀቀች።

«ፈዲ፣ ስመለስ ኳስ እጫወታለሁ አይደል?» አለ ሸምሱ ከኮሪደሩ ወንበር ላይ ሆኖ።

ዞር ብላ አላየችውም። ካየችው እንደማትገባ ታውቃለች። የዶክተሩን ቢሮ አንኳኳች።