ከኮልፌ ሰገነት የታዩት ጋላክሲዎች

ሲኞር ቤኒኒ ኮልፌ ባለው ቤቱ ሰገነት ላይ፣ ከቴሌስኮፑ ሥር፣ ራሱን በብረት ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። ጣልያኑ ካፒቴን ማሰብ አላስፈለገውም፤ ዘበኛውን ገሜዳን አሰረና ነገ ይሰቀል አለ። አስተርጓሚው ኃይለ መስቀል ግን በንጉሡ ጊዜ ወንጀል መርማሪ ነበርና ነገሩን ልመርምረው ብሎ ጠየቀ።

«እስከ ምሳ ድረስ ተጫወትበት» አለው ካፒቴኑ እየሳቀ።

የገሜዳ እናት ወይዘሮ ደሜ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ልጄ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ይሸሻል፣ ጌታዬ።»

«እማማ፣ ነጠላዎን ያስተካክሉ። ገና አልሞተም» አላቸው ኃይለ መስቀል።

ሰገነቱ ላይ ወጥቶ ቴሌስኮፑን አየ። ቧንቧው ላይ በተለጠፈች ወረቀት «ኤም 31»፣ ከሥሯ «ኤንጂሲ 224» ተብሎ ተጽፏል። የሟቹን ሚስት ጠየቀ።

«የጋላክሲ ቁጥር ነው» አለች። «ጋላክሲ በሩቅ ያለ የከዋክብት አገር ነው። ሜሲየር የሚባል ፈረንሳዊ መቶ ያህል ደብዛዛ ነገር ቆጥሮ ‹ኤም› አለ። ኋላ የመጡት የእሱንም ሳይተዉ ብዙ ሺህ እንደገና ቆጠሩ፤ ‹ኤንጂሲ› የነሱ ነው።»

«ባልዎ ጠላት ነበረው?»

«አልነበረውም። ግን ‹ነገ አንዱን ሊቅ በመኮንኖች ፊት አዋርዳለሁ› እያለ ይስቅ ነበር።»

ለመኮንኖች ስለ ሰማይ የሚያስተምረው ጢመ ሹሉ ዶቶር ፎስኪ ነበር። ኃይለ መስቀል ሄዶ ጠየቀው።

«ማታ ከሟቹ ጋር ነበሩ?»

«ጋላክሲ ስናይ አመሸን። ላንተ ቢነገርህም አይገባህም።»

«ይንገሩኝ፤ ስደነቅ ልዋል።»

«መጀመሪያ ኤም 31ን አየን። ከዚያ ቴሌስኮፑን ወደ ሌላው የሰማይ ጫፍ አዙረን ኤንጂሲ 224ን። እሱ ትንሽ ነው፣ ግን ያምራል። ትቼው ስወርድ ቤኒኒ ደኅና ነበር።»

ኃይለ መስቀል ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበ።

«ሲኞራ፣ ኤም 31 በኋለኞቹ ቆጠራ ስንተኛ ነው?»

«ሁለት መቶ ሃያ አራተኛ። ሁለቱም ቁጥሮች የአንዲት ጋላክሲ፣ የአንድሮሜዳ ናቸው።»

«ስለዚህ ዶቶር ቴሌስኮፑን ከአንድሮሜዳ ወደ አንድሮሜዳ አዞሩት። ከባድ ሥራ ነው። ወረቀቷ ላይ ሁለት ቁጥር አይተው ሁለት ጋላክሲ መሰላቸው። ማታ ሰማዩን አልተመለከቱም፤ ሰማይም አያውቁም። ቤኒኒ ሊያዋርደው የነበረው ሊቅ እርስዎ ነዎት። አብራችሁ ጋላክሲ ካላያችሁ፣ ሰገነቱ ላይ ምን ሲሠሩ አመሹ?»

ካፒቴኑ ሳያስበው ሳቀ። ፎስኪ ፊቱ ቀላ።

«ቤኒኒም ልክ እንዲህ ነው የሳቀብኝ» አለ፤ ከዚያ ያለውን ራሱ ሰምቶ አፉን በእጁ ሸፈነ።

ወታደሮቹ ወሰዱት።

«አስተርጓሚ፣ ይህ ነገር ከዚህ ቤት እንዳይወጣ» አለ ካፒቴኑ።

«የትኛው፣ ካፒቴን? የሊቁ እውቀት ወይስ የእርስዎ ፍርድ?»

ካፒቴኑ ለወታደሮቹ በእጁ ምልክት ሰጠ። የገሜዳ ካቴና ተፈታ። ወይዘሮ ደሜ የልጃቸውን እጅ ያዙና ማንንም ሳያመሰግኑ ይዘውት ወጡ።