ቱቦ ውስጥ ቱቦ አላስገባም

መጀመሪያ ያየኋት ቀን ሰደብኩባት። እሷን አይደለም፣ ቧንቧዋን ነው። ግን የሰውን ቤት ሰድበህ ባለቤቱን አልሰደብኩም ማለት አይቻልም።

የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። እሷ ከአክስቷ ጋር ልብስ ማጠቢያ ቤት አላት፤ የሆቴል አንሶላ በጆንያ እየመጣ የሚታጠብበት። የሙቅ ውሃው መስመር ደክሞ ጠሩኝ። ስፈታው ንዴቴ መጣ። ከእኔ በፊት የመጣው ሰውዬ አሮጌውን ቱቦ ሳያወጣ በውስጡ ቀጭን ቱቦ ሰዶበት ሄዷል።

«ይሄን የሠራ እጁ ይሰበር» አልኩ።

«ምን አጠፋ?»

«ቱቦ ውስጥ ቱቦ ከተተ። ለጊዜው ይፈስልሻል፤ መንገዱ ግን ጠበበ። ማሽንሽ ውሃ ለመሳብ ይለፋል፣ ይለፋል፣ አንድ ቀን ቀጥ ይላል።»

«ግድግዳው ሳይፈርስ ሌላ መላ የለውም?»

«እህቴ፣ እኔ ቱቦ ውስጥ ቱቦ አላስገባም። ግድግዳው ይፈርሳል፣ አሮጌው ይወጣል፣ አዲስ ይገባል። አለቀ።»

ፊቷ ልውጥ አለ። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ለግድግዳ እንዲህ የሚደነግጥ ሰው አይቼ ስለማላውቅ፣ «አይዞሽ፣ ቶሎ ይለሰናል» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። በዚያ አስተያየቷ እኔ አለቀልኝ።

ሥራው የሦስት ቀን ነበር፤ ሰባት ቀን ፈጀሁበት። አክስቷ ቀድማ ነቅታለች። «ይሄ ልጅ ቧንቧ ሊሠራ ነው የመጣው ወይስ አማች ሊሆን?» ስትል በጆሮዬ ሰማኋት።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስንወጣ አብረን መሄድ ጀመርን። እስከ ቤቷ አንድ ዳገት አለ። የዳገቱ እኩሌታ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ትቆማለች። «አንተ ቅደም፣ እደርስብሃለሁ» ትለኛለች። አንድ ቀን የግንብ ማስታወቂያ ታነባለች፣ አንድ ቀን የጫማዋን ማሰሪያ ትፈታለች። እኔ ደግሞ ቱታዬን አየዋለሁ። ዝገት፣ ቅባት። ከእኔ ጋር መታየት አፍራለች ብዬ ደመደምኩ። ሁለት ወር ቻልኩት። በሦስተኛው አላስችል አለኝ።

«ካፈርሽብኝ ንገሪኝ» አልኳት እዚያው ዳገት ላይ። «ዝገታም መሆኔን ደብቄሽ አላውቅም።»

መመለስ አልቻለችም። ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። ክንዴን ይዛ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ትንፋሿ እስኪመለስ እኔ እዚያው አረጀሁ።

«አላፈርኩብህም» አለች በስንት ጊዜ። «ዳገቱ ነው ያቃተኝ። እንዳታየኝ ነበር...»

ያን ቀን ሁሉን ነገረችኝ። የዛሬ አስራ አንድ ዓመት ደረቷ ተከፍቶ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ተገጥሞላታል። ከከብት የልብ ሽፋን የተሠራ ነው። ከብረት የሚሠራው ለነፍሰ ጡር የማይሆን የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ዕድሜ ልክ ያስውጣል፤ እሷ ደግሞ ልጅ መውለድ ስለምትፈልግ የከብቱን መረጠች። ያ ቫልቭ አሁን ደርቆ መከፈት አቅቶታል። ሐኪሞቹ ሁለት መንገድ አሳይተዋታል። አንዱ ደረቷን ዳግም ከፍቶ አሮጌውን ማውጣት ነው። ሌላው በጭኗ የደም ሥር ቀጭን ቱቦ ልኮ፣ አዲሱን አሮጌው ውስጥ መዘርጋት።

«አሮጌው ውስጥ?» አልኩ።

«አሮጌው ውስጥ።» ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «አንተ ቧንቧዬን የፈታህ ቀን ከሐኪም ቤት መመለሴ ነበር። በጭኔ ይሁን ብዬ፣ ደስ ብሎኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በሳምንቱ ከእሷና ከአክስቷ ጋር ሐኪም ቤት ሄድኩ። ቀዶ ሐኪሟ ቀጭን፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት።

«በጭን በኩል ያለው ይቀላል» አለች። «በጥቂት ቀን ቤትሽ ትገቢያለሽ። ዕድሜው ለገፋ ሰው እኔም እሱን ነው የምመርጠው። ያንቺ አሮጌ ቫልቭ ግን ትንሽ ነው፣ አስራ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር። ውስጡ ሌላ ሲገባ ይብስ ይጠባል። አንቺ ገና ሠላሳ አራት ዓመትሽ ነው፤ እሱም ሲደክም ለሌላ ቦታ ላይኖር ይችላል። ብንከፍተው ሰፋ ያለ እናስገባለን። ሁለተኛ መክፈት ግን ከመጀመሪያው ይከብዳል። ጠረጴዛው ላይ የሚቀር ሰው አለ፤ አልዋሽሽም። በሁለቱም መሄድ ይቻላል። ምርጫው ያንቺ ነው።»

«በጭኗ» አለች አክስቷ ወዲያው። «እኔ ሌላ ልጅ የለኝም።»

እሷ ወደኔ ዞረች። «አንተስ?»

ጠረጴዛው ላይ የሚቀር ሰው የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ይጮሃል። «በጭን ይሻላል» አልኩ።

ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ አክስቷን አስቀድማ ያዘችኝ።

«ስትዋሽ አፍንጫህን ታካለህ» አለችኝ።

«ልብ እኮ ቧንቧ አይደለም።»

«አይደለም። ግን ለግድግዳዬ እውነቱን ነገርከኝ፣ ለልቤ ዋሸኸኝ። አትደውልልኝ።»

ሄደች። ቀስ ብላ፣ ግድግዳውን በእጇ እየነካች። ተከትዬ ልደግፋት እንኳ አልደፈርኩም።

ሁለት ሳምንት እህል አልበላ አለኝ። በጭን በኩል ሊሠራላት ለሐሙስ መቀጠሯን ከአክስቷ ሰማሁ። ሰኞ ጠዋት ማጠቢያ ቤቱ ሄድኩ። አክስቷ አንሶላ ትተኩሳለች፤ እሷ ቁጭ ብላ ታጥፋለች። ቀና ብላ አላየችኝም።

«የዋሸሁት ስለፈራሁ ነው» አልኩ በሩ ላይ ቆሜ። «ከተከፈትሽ ትሞቺብኛለሽ ብዬ። በጭን ከሆነ ግን ጥቂት ዓመት አላጣሽም። ያሰብኩት ለራሴ ነው። እወድሻለሁ፣ ፈሪ ነኝ፣ ሁለቱም እውነት ነው።»

«ባትፈራስ ምን ትል ነበር?»

እጆቼን ኪሴ ከተትኩ። «ግድግዳው ይፍረስ እል ነበር።»

«ምላስህ ይቆረጥ» አለች አክስቷ። ካውያውን አስቀምጣ በአንሶላው ጫፍ ፊቷን ሸፈነች።

እሷ አጥፋ የጨረሰችውን ዘረጋችው፣ እንደገና አጠፈችው። «እኔም እንደዛ ነው የማስበው» አለች። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ብቻዬን መሸከሙ ነው ያቃተኝ። አብሮኝ የሚፈራ ግን የማይዋሸኝ አንድ ሰው ፈለግኩ... እሱን አጣሁ።»

የሐሙሱ ቀጠሮ ተሰረዘ። በወሩ ለቀዶ ጥገና ገባች። ከመግባቷ በፊት ቦርሳዋ ውስጥ ለዓመታት የተሸከመችውን የቫልቩ መጠን የተጻፈበትን ካርድ ሰጠችኝ። አስራ ዘጠኝ ይላል።

«ያዝልኝ። ስወጣ ቀደን እንጥለዋለን።»

«ባትወጪስ?» ልላት ነበር። «እሺ» አልኩ። አፍንጫዬን አላከክሁም።

አምስት ሰዓት ይፈጃል ተባለ። አምስት አለፈ፣ ስድስት አለፈ፣ ሰባተኛው ላይ አክስቷ ከዚያ ሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አነጋገረችኝ።

«ከቀረች የገደልካት አንተ ነህ።»

«አውቃለሁ እትዬ» አልኳት። በእርግጥም አውቅ ነበር። በውሸቴ ብጸና ኖሮ ይሄኔ ቤቷ ነበረች።

ስምንት ሰዓት ሊሞላ ሲል በሩ ተከፈተ። ሐኪሟ ጭምብሏ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«በጣም ተጣብቆ ነበር» አለች። «አንዴ ደም ፈስሶ አስደንግጦናል። ግን ወጣ። ሃያ ሦስት አስገባንላት። ልቧ በራሱ መምታት ጀምሯል።»

አክስቷ ወደ መሬት ስትል ያዝኳት። ሁለታችንም እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥን። «ልጄ» እያለች ትከሻዬን ትመታዋለች፤ እሷን ይሁን እኔን፣ አልጠየቅኋትም።

«እንግዲህ ልክ ነበርኩ ማለት ነው?» አልኩ ዕንባዬን እየጠረግሁ።

«የቧንቧውን ነገር ነግራኛለች፤ ልብ ግን ቧንቧ አይደለም» አለች ሐኪሟ፣ ወደ አክስቷ እየጠቆመች። «እሳቸው ቢሆኑ በጭን ነበር የምሠራላቸው። ለእሷ ግን ልክ ነበርክ።»

ስምንት ወር ሆነው። ትናንት ጋብቻ ልናስመዘግብ ሄድን። ቢሮው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰሩ ተበላሽቷል። አክስቷ ምስክር ናትና ከታች ቀስ እያለች ትከተለናለች። እሷ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለች ትወጣለች፣ እኔ ልደርስባት እሮጣለሁ። ሦስተኛው ላይ ትንፋሼ አለቀ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አገኘሁና ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ።

እሷ አምስት ደረጃ ከፍ ብላ ዞረች። ከንፈሯ ቀይ ነው፣ ትንፋሿም አልተዛባም።

«ምን ታነባለህ?»

«ማስታወቂያ» አልኩ፣ አፍንጫዬን እያከክሁ። «አንቺ ቅደሚ፣ እደርስብሻለሁ።»

አልቀደመችም። ተመልሳ ወረደችና እጄን ይዛ እስኪያልፍልኝ ጠበቀችኝ።