የሁለት ሰው መደብ

«ዲሪ፣ ዳሱን ዛሬ ነው የምገልጠው ወይስ ነገ?»

ፅጌረዳ ይህን የጠየቀችው የትምህርት ቤቱን የቡና ችግኝ ጣቢያ አጥር ተደግፋ፣ በመካከላቸው ምንም እንዳልተፈጠረ ፈገግ ብላ ነበር። ዲሪቤ አረም እየነቀለች ስለነበር ቀና አላለችም። ይህችን ልጅ የምትበቀልበትን መንገድ ሳምንታት ሙሉ ስትፈልግ ቆይታ፣ መንገዱ ራሱ በእግሩ መጣላት።

«ምነው እኔን ጠየቅሽ?»

«ነገ ከመቱ እንግዶች ይመጣሉ፣ መደባችሁን አሳምሩ ተብለናል። ጋሼ ሽበሺ ደግሞ እንግዶቹን ሊቀበሉ ሄደዋል። አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ ነው።»

ታውቃለች እንጂ። የኖፓ ወረዳ ገበሬ ቡናው በበሽታ እያለቀበት ነበር፤ ፍሬው ገና ሳይቀላ ይጠቁርና ይረግፋል። በሽታውን የሚቋቋም ዘር ሲመጣ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጋሼ ሽበሺ ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች አከፋፈሉት፤ ለሁለት ሰው አንድ መደብ። ለዲሪቤና ለፅጌረዳም አንድ መደብ ደረሳቸው። በየመደቡ ላይ ሣር የለበሰ ዝቅ ያለ ዳስ አለ። ችግኙ ፀሐይ የሚለምደው በጥቂት በጥቂቱ ነው። ዛሬ ትንሽ ሣር ይነሣል፣ ሰንብቶ ደግሞ ትንሽ። ዳሱ በአንድ ጊዜ ከተገፈፈ ቅጠሉ በፀሐይ ይለበለባል። ጋሼ ሽበሺ ይህን ያስተማሩ ዕለት ፅጌረዳ ለአክስቷ ልጅ ሠርግ ያዮ ሄዳ ነበር።

ጣጣው ሁሉ የመጣውም ከዚያ ሠርግ ነው። ውኃ የማጠጣቱ ተራ የፅጌረዳ ነበር። ዲሪቤ ተራዋ ስላልሆነ የታመመች እናቷን እያስታመመች ቤት ዋለች። ፅጌረዳ ስትመለስ የመደቡ እኩሌታ ደርቋል። ጋሼ ሽበሺ ሲጠይቁ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ «ተራው የዲሪቤ ነበር» አለች።

የወጣት ማህበሩ ስብሰባ ተጠራ። ዲሪቤ በክፍሉ ሁሉ ፊት ቆማ ግለ ሂስ እንድታደርግ ታዘዘች። «እኔ አይደለሁም» ስትል «ጓዲት ስህተቷን አትቀበልም» እየተባለ ይጻፍባታል። በመጨረሻ ደከማት። ባላጠፋችው «አጥፍቻለሁ» ብላ ተቀመጠች። መቱ ላይ ለሚሰጠው የወጣቶች የእርሻ ሥልጠና የተመረጠችው እሷ ነበረች፤ ሠልጥኖ የተመለሰ ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ይቀጠራል። የአባቷ ቡና ላለቀባት ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቦታውም መደቡም ለፅጌረዳ ተሰጠ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። ፅጌረዳማ በሦስተኛው ቀን ከአባቷ ሱቅ ከረሜላ ይዛላት መጥታ ነበር። ለዚያ ሁሉ ውርደት አንዲት ከረሜላ።

«ዛሬ ግለጪው» አለች ዲሪቤ። «እንግዶቹ ችግኙን ጥርት አድርገው እንዲያዩት።»

«ሣሩን ሁሉ?»

«አንድም እንዳታስቀሪ።»

«አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ» ብላት ፅጌረዳ ወደ መደቡ ሄደች።

ሰሞኑን ሲዘንብ የከረመው ሰማይ የዚያን ዕለት ብሩህ ሆኖ ዋለ። ዲሪቤ ሒሳብ እየተማረች በመስኮት ፀሐዩን ታየዋለች፤ ከረር ባለ ቁጥር አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል። ነገን አሰበችው። እንግዶቹ በተቃጠለው መደብ ዙሪያ ቆመው፣ ፅጌረዳ የምትገባበት ጠፍቷት። ከዚያም ስብሰባው። የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ «ጓዲት ስህተቷን አትቀበልም» የምትለው ራሷ ዲሪቤ ትሆናለች።

ስድስት ሰዓት ላይ ደወል ሲደወል የሥራዋን ውጤት ልታይ ወጣች። ችግኝ ጣቢያው በር ላይ ግን አንድ ሽማግሌ ቅርጫት የተጫነች በቅሎ ይዘው ቆመዋል። አቶ አራርሳ ናቸው፤ ከወንዝ ማዶ ያለው መንደር ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል።

«አካም ጂርታ፣ ኢንተለ ኮ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሏት።

«ደህና ነኝ፣ አባባ። ችግኝ የሚታደለው ነገ አይደለም እንዴ?»

«ነገ ነው። ሌሊት ከዘነበ ወንዙ ይሞላል፣ በቅሎዋም አትሻገርም። ከዘመድ ቤት አድራለሁ ብዬ ነው።» ወደ ውስጥ ጠቆሙ። «የኔ የትኛው እንደሆነ ሽበሺ አሳይቶኛል። ያ ዳር ያለው መደብ።»

ዳር ያለው የፅጌረዳ መደብ ነው።

«አባቴ የተከለውን ቡና በገዛ እጄ ነቅዬ አቃጠልኩት» አሉ ሽማግሌው። «የታመመው ካልተነሣ አዲሱንም ይበክለዋል ብሎ ሽበሺ ስለመከረኝ። ጎረቤቶቼ አራርሳ አበደ አሉ። ጉድጓዱን ቆፍሬ፣ ፍግ አልብሼ፣ የችግኙን ጥላም ሠርቼ ጨርሻለሁ። አሁን ሁሉም የኔን ነው የሚያዩት። ባዶ ቅርጫት ይዤ ከገባሁ ከእንግዲህ የሽበሺን ምክር የሚሰማ የለም።»

ዲሪቤ በቀሏን ስታውጠነጥን የታየቻት ፅጌረዳ ብቻ ነበረች፤ ባለ በቅሎው ሽማግሌ በሐሳቧ ውስጥ አልነበሩም። ወደ መደቡ ሮጠች። ቅጠሎቹ ጠውልገዋል፤ የዳር የዳሮቹ ጠርዛቸው ቡናማ መሆን ጀምሯል። ሣሩን ፅጌረዳ ከአጥሩ ውጭ ጥላዋለች። ዲሪቤ ዘላ ወጣችና እቅፍ እቅፉን መመለስ ጀመረች። አቶ አራርሳ ምን ሆነ ሳይሉ ተከትለዋት ገቡ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው በዳሱ ቋሚዎች ላይ ዘረጉት።

ፅጌረዳ ምሳዋን በልታ ስትመለስ እንደዚያው ሆነው አገኘቻቸው።

«ምን እያደረግሽ ነው? ግለጪው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

«ነኝ። ዋሽቼሽ ነው። እንዲቃጠልብሽ።»

ፅጌረዳ «ለምን» አላለችም። ፊቷ ቀላና ወደ መሬት አየች። ዲሪቤን ያበሸቃት ይኸው አለመጠየቋ ነበር፤ ከረሜላውን ይዛ የመጣችውም ጥፋቷን ሳትረሳው ኖሯል።

«ለጋሼ ሽበሺ አንንገራቸው» አለች ፅጌረዳ በሹክሹክታ። «ንፋስ ገለጠው እንላለን። አንቺም እኔም... በቃ፣ ተካካስን።»

«ውኃ አምጪ» አለቻት ዲሪቤ ማጠጫውን እየወረወረች።

በማግስቱ እንግዶቹ መጡ። አብዛኛው ችግኝ ቀና ብሏል፤ የዳሩ መስመር ግን ተለብልቧል። አቶ አራርሳ በቅሏቸውን ይዘው ከኋላ ቆመዋል። ጋሼ ሽበሺ ጎንበስ ብለው አንዱን ቅጠል ሲነኩት በእጃቸው ላይ ተፈረፈረ።

«ይህን ዳስ የገለጠው ማነው?»

ልጆቹ ሁሉ ወደ ፅጌረዳ ዞሩ። ሣሩን ስትወረውር ያላያት አልነበረም። ፅጌረዳ የዩኒፎርሟን ጫፍ ማፍተልተል ያዘች። ዲሪቤ አንዲት ቃል ባትተነፍስ ትናንት የተመኘችው ሁሉ እዚያው ይፈጸም ነበር። ስትመኘው እንደነበረው ግን አልጣፈጣትም። በዝምታ ብታልፈው ፅጌረዳ በእሷ ላይ ያደረገችውን መድገሟ ነበርና።

እጇን አወጣች።

«የገለጠችው ፅጌረዳ ናት። ሁሉንም ግለጪው ብዬ ያሳሳትኳት እኔ ነኝ። ሆን ብዬ ነው።»

ጉርምርምታ ተነሣ። ጋሼ ሽበሺ ቀና አሉ።

«ለምን፣ ዲሪቤ?»

«ለምን እንደሆነ ፅጌረዳ ታውቃለች።»

ከዚህ ሌላ አልተናገረችም። ቂሟ አልወጣላትም፣ ይቅርታም አላደረገችም። ዞር ብላ ዓይኗን ፅጌረዳ ላይ ተከለችና ጠበቀች። ተራው የፅጌረዳ ነበር።