የመያዣ በርጩማ

ይሄ ተረት አይደለም። ያልፈለገ አይመነኝ፣ ግድ የለኝም። ግን ከጓደኛችሁ ጋር መርካቶ ሌንስ ልትገዙ የምትሄዱ ከሆነ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ነው። የቀኑ ዘጠኝ ተኩል... ፀሐይ ገና አናት ትበሳለች።

ቦታው ከራጉኤል ጀርባ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ፣ ሁለተኛ ደርብ ላይ። ታች ተሸካሚዎቹ "ዞር በሉ! ዞር በሉ!" እያሉ ይሮጣሉ። ሰው በሰው ላይ ነው። እዚህ መሀል ማን ይፈራል?

እኔም አልፈራሁም።

ጓደኛዬ ፍቅርአዲስ ትባላለች፣ እኔ ፍቅር ነው የምላት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ነን። ልደትና ምርቃት ሲኖር እኔ ፎቶ አነሳለሁ፣ እሷ ሰው ታሰልፋለች። ሁሉን ነገር ትነግረኛለች። አምና ዓረብ አገር ስለሄደችው እህቷ ስጠይቃት ብቻ ወሬ ትቀይራለች።

ካሜራው የኔ ነው። ሚረርለስ ነው፣ ትንሽ፣ ቀላል፣ ቦርሳዬ ውስጥ መኖሩ ራሱ ይረሳኛል። ለማንም አላበድረውም። ለፍቅር ግን ገመዱን ራሴ ነኝ አንገቷ ላይ የማጠልቅላት።

እሁድ ራጉኤል ሰርግ ተይዞልናል። የመጀመሪያ ሰርጋችን! ዲያቆናቱ ደግሞ አያስጠጉም። ከሩቅ የሚስብ ዙም ሌንስ ካላገኘን ሙሽሮቹን ጉንዳን አድርገን ልናወጣቸው ነው።

"ሱቅ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ" አለች ፍቅር። "እኔ ግን ሄጄ አላውቅም።"

ሄጄ አላውቅም... ይቺን ያዙልኝ።

ባለሱቁ ጋሼ ይገረም የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ሱቋ ጠባብ ናት፣ መደርደሪያው ሁሉ ያገለገለ ሌንስ ነው። መስኮቱ ሥር አንዲት በርጩማ አለች። ባዶ።

ጋሼ ከላይ እስከ ታች አዩኝና ወደ ፍቅር ዞሩ።

"አመጣሻት?"

"እ... ሌንስ ፈልጋ ነው ጋሼ" አለች ፍቅር፣ ቶሎ ብላ።

"ያውቁሻል እንዴ?" አልኳት በሹክሹክታ።

"ከሌላ ሰው ጋር አምታተውኝ ነው ባክሽ!"

ጋሼ ሦስት ሌንስ አወረዱልኝ።

"ሌንስ ሳይሞከር አይገዛም። ቴራስ ላይ ወጥተሽ ሩቅ ሩቁን እዪበት። መያዣ ግን ትተያለሽ።"

መርካቶ ያደገ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ዕቃ ይዞ ከሱቅ የሚወጣ መያዣ ትቶ ነው። መታወቂያ ነገር። እኛ ደግሞ መታወቂያ ለማውጣት አልደረስንም።

"ሰውም ይሆናል" አሉ ጋሼ።

"እኔ እሆናለሁ!" አለች ፍቅር።

የመጀመሪያው ሌንስ ጉድ ያህላል። ስገጥመው የካሜራዬ አፍንጫ ወደ መሬት ተደፋ።

"ጋሼ፣ ይሄ ሌንስ ሳይሆን ሙቀጫ ነው!"

አልሳቁም። ቴራስ ላይ እጄ ሲንቀጠቀጥ የራጉኤል መስቀል ሁለት ሆኖ ወጣ። መለስኩት።

ሁለተኛው ላባ ነው። ግን እስከ ጫፍ ሲሳብ ሁሉም ነገር ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። እሱንም መለስኩት።

በተመለስኩ ቁጥር ፍቅርን ቆማ ነው የማገኛት። መንገዱን ሙሉ "እግሬ ሞተ" ስትል የመጣች ልጅ!

"ቁጭ አትይም?"

"አይ... ይሁን።"

ሦስተኛው ሌንስ ግን...

ቀለሙ የተላላጠ አሮጌ ነው። ቀላል ነው። ካሜራዬ ላይ ጠቅ ብሎ ሲገባ አብረው የተወለዱ ይመስላሉ። ከቴራስ ሆኜ ጉልላቱ ላይ ያረፈችውን እርግብ አየሁ። እርግቧን ብቻ ሳይሆን ዓይኗን!

በደስታ ወደ ታች አዞርኩት። ፎቁ መሀሉ ክፍት ስለሆነ በተከፈተው በር የሱቁ ውስጥ ከላይ ይታያል። ፍቅርን ሳታውቅ ላነሳትና ልስቅባት አሰብኩ። ሳብኩት።

ፍቅር ተንበርክካለች።

በርጩማዋ ላይ ሰው አለ።

አንዲት ልጅ ናት። ጀርባዋ ነው የሚታየኝ። ሰማያዊ የዩኒፎርም ሹራብ ለብሳለች፣ ክርኑ ላይ ተቀዷል። ፍቅር እጇን ይዛ ታወራታለች... ታለቅሳለች...

ካሜራውን ከዓይኔ አወረድኩ።

በርጩማዋ ባዶ ናት።

እንደገና አየሁበት።

ልጅቷ አለች። አንገቷ ቀስ ብሎ ወደኔ መዞር ጀምሯል...

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ስገባ ፍቅር ብቻዋን ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል።

"ከማን ጋር ነበር የምታወሪው?"

"ከጋሼ ጋር ነዋ።"

ጋሼ ሱቅ ውስጥ የሉም።

"አልቅሰሻል?"

"አቧራ ገብቶብኝ ነው። ኤልሲ... እኔም አንዴ ልየው እስቲ። አሁን አንቺ ቁጭ በይ።"

ልጠይቃት ነበር። ግን ፍቅር ናት! ፍቅር እኔን ምን ታደርገኛለች? ሌንሱ አርጅቶ ነው አልኩ ለራሴ። ገመዱን እንደ ሁልጊዜው አንገቷ ላይ አጠለቅኩላት።

ተቀመጥኩ።

በርጩማዋ ትሞቃለች። አሁን ሰው የተነሳባት ይመስል።

ፍቅር ጎንበስ ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። ግንባሬን ስማኝ አታውቅም።

"ይቅር በይኝ፣ እሺ?"

"ለምኑ?"

ወጣች።

ቴራሱ ወደ ላይ ነው። ኮቴዋ ግን ወደ ታች ሲወርድ ሰማሁ።

የእሷ ኮቴ ብቻ አይደለም... ሁለት ሰው ነው የሚወርደው።

ልነሳ አልኩ። ወገቤ ከበርጩማዋ ጋር የተሰፋ ይመስል እምቢ አለኝ። በመስኮቱ ወደ መንገዱ አየሁ። ፍቅር ቢጫ ስካርፏን አውልቃ አጠገቧ ላለችው ልጅ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችላት። ስካርፉ ሥር ሰማያዊ ሹራብ አለ።

ልጅቷ ፊቷን ለፀሐይዋ ሰጠች፣ ፀሐይ አይታ እንደማታውቅ።

አወቅኳት። ፍቅር ስልኳን በከፈተች ቁጥር ፎቶዋን አየዋለሁ።

ጽጌሬዳ ናት። ዓረብ አገር ሄደች የተባለችው እህቷ...

"አንቺ ከሃዲ!" ብዬ ጮህኩ። "ፍቅር! ፍቅርአዲስ!"

መርካቶ ውስጥ የማን ጩኸት ተሰምቶ ያውቃል?

እሷ ግን ቀና አለች። ካሜራዬን አነሳች። እኔ እንዳስተማርኳት ክርኗን ደረቷ ላይ አስጠግታ ሌንሱን እስከ ጫፍ ሳበችው። አየችኝ። ማየቷን ያወቅኩት ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ ነው።

ከዚያ ካሜራውን አወረደች። በዓይኗ ብቻ መስኮቱ ላይ ፈለገችኝ... ፈለገችኝ...

አላገኘችኝም።

የእህቷን እጅ ይዛ ሰው መሀል ገባች።

ጋሼ ይገረም ሻይ ይዘው ተመለሱ። አንዱን ብርጭቆ መስኮቱ ላይ፣ አጠገቤ አስቀመጡት። ወደኔ ሳያዩ ሌንስ መወልወል ጀመሩ።

"ስኳር ትወጃለሽ?" አሉ። "ያቺኛዋ አትወድም ነበር።"

እናቴ ትደውላለች። አነሳለሁ። "ሄሎ? ኤልሲ? ሄሎ?" ትልና ትዘጋዋለች። ድምፄ አይደርሳትም። ጽሑፍ ግን ሳይሄድ አይቀርም ብዬ ነው ለእናንተ የምጽፈው።

እዚህ ከተቀመጥኩ ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም። የእሁዱ ሰርግ እልልታ ከራጉኤል ሲመጣ ሰምቼዋለሁ።

ስልኬ ግን አሁንም ዘጠኝ ተኩል ይላል። ፀሐይዋም ከነበረችበት አልተነቃነቀችም።

ሻዩን አልነካሁትም...

እስካሁን ይጨሳል።