የታጠነው የመዳብ ድስት

በሁለት ሺህ አሥራ አራት ዓመተ ምሕረት፣ የነቢያት ጾም በገባ ሰሞን፣ የጣና ውኃ ከክረምቱ ደለል ጠርቶ ነበር፤ ዳርቻው ግን ሰላም አልነበረውም። በምሥራቅ በኩል ጦርነቱ ሕዝቡን ከቀዬው ነቅሎት ነበርና፣ ባሕር ዳር ከሐይቁ አጠገብ ያለች የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ በሕፃናትና በአረጋውያን ተሞላች፤ የሰንበቴው አዳራሽ መኝታ፣ የአጥሩ ጥግ ማድ ቤት ሆነ። የደብሩ መሪጌታ ጥዑመ ልሳንም ዕቃ ቤቱን አስከፍተው፣ ለንግሥ በዓል ብቻ የሚወጣውን ትልቁን የመዳብ ድስት ለማድ ቤቱ ኃላፊ ለሸዋዬ አስረከቧት።

ሸዋዬ ድስቱን ታውቀዋለች፤ የራሷ ነበርና። አንድ ልጇ ይትባረክ በሕፃንነቱ ኩፍኝ ይዞት ትንፋሹ ሲቆራረጥ፣ «አቦዬ፣ ልጄን ማርልኝና ከእናቴ የወረስሁት ድስት ለደጅህ ድግስ ይሁን» ብላ ተስላ፣ ሲድን በራሷ ተሸክማ ያስገባችው ነው። ያ ልጅ አሁን ዘማች ሆኗል፤ ስልኩም ከመስቀል ወዲህ አይጠራም። ስለዚህ ሸዋዬ ከዚህ ድስት የሚጎርስ ስደተኛ ሁሉ ልጇን የሚመርቅላት መሰላት፤ ድስቱ ከእሳት ካልወረደ ይትባረክም በሕይወት ይመለሳል ብላ ለራሷ ነገረች።

ድስቱ ግን የሌሊት ወፍ ሽታ ይዞ ነበር። እናቷ የወተት ቅል ስታጥን እያየች ያደገች ናትና፣ የወይራ ፍም አቀጣጥላ ድስቱን በባዶው ደፋችበት። ጥቂት ቆይቶ ከውስጡ አንዳች ነገር ፍሙ ላይ ጠብ ጠብ አለ፤ የቆየ ቅባት ነው ብላ ተወችው። በጨርቅ ይዛ ስትገለብጠው፣ ነጩ ሆዱ እንደ ጧፍ ቀልጦ፣ በየቦታው ቀይ መዳብ ገጥጦ አየች፤ አንድ ጎኑም በሙቀቱ ተጣሟል።

ስለቴን አቃጠልሁት ብላ አሰበች፤ ከአፏ ግን አላወጣችውም፤ የተናገሩት ይደርሳል ብላ ፈርታ ነበርና።

በማግስቱ ሹም አቦ ሰፈር ወደሚኖሩት አንጥረኛ ወደ አቶ ገድሉ ይዛው ሄደች። ሽማግሌው ድስቱን ወደ ፀሐይ አዙረው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ምን አገኘው?»

«አጠንሁት፣ አባቴ።»

«በባዶው?»

«በባዶው።»

«ቅል መሰለሽ እንዴ?» አሉና ሳቅ ሊሉ ጀምረው፣ ፊቷን ሲያዩ ተዉት። «የተጣመመውን በእንጨት መዶሻ አቃናዋለሁ። ጭንቁ ሆዱ ነው። መዳብ እንዲህ ተራቁቶ ጎምዛዛ ነገር ካገኘው፣ ሎሚም ይሁን ቲማቲም፣ እየሟሟ ወጡ ውስጥ ይገባል፤ ትልቁን ሰው ያስታውከዋል፤ ሕፃን ደግሞ አይችለውም። እንደገና በነጭ ቆርቆሮ መለበጥ አለበት። ጣራ የሚከደንበትን አላልሁም፤ የሚቀልጠውን ነው። እሱን ደግሞ ባሕር ዳርን ዙሬ አጣሁት።»

«ሬዲዮ ጠጋኞቹ የሚበይዱበትስ? እሱም ነጭ ነው።»

«እርሳስ አለበት። ብቀባልሽ ያበራል፤ የበላበት ግን ቀስ እያለ ይመረዛል። እኔ አላደርገውም፤ ላደርግ ለሚልሽም እንዳትሰጪ።»

«እስከዚያው ምን ላብስልበት?»

«ምንም። ደረቅ እህል አስቀምጪበት።»

ሰንበት እንዳለፈ የሐሙሲት ገበሬዎች ያዋጡት ቲማቲም በአይሱዙ ተጭኖ መጣ፤ ፀሐይ መትቶት ከሥር ውኃ ጀምሮታል፤ ዛሬውኑ ካልተበሰለ ነገ ይጣላል። ምግብ የሚጠብቀው ሰልፍ ደጀ ሰላሙን አልፎ ነበር።

«እትዬ ሸዋዬ፣ መዳቡ ይጣድ» አለች አብራት የምታበስለው አደይ። «ሰዉ ጠዋት የቀመሰው ቆሎ ነው።»

«አይሆንም፣ አደይ። ቲማቲም አይጣድበትም።» ለምን እንደሆነ ብታስረዳ፣ ስለቷ መቃጠሉን በሰው ፊት ከአፏ ማውጣት ይሆንባት ነበር።

«ለታቦቱ ከሰጡ በኋላ ደግሞ ይሳሱለታል?»

ከሰልፉ አንዲት ሴት፣ «ተዪያቸው እቴ፣ ለልጃቸው ሠርግ አስቀምጠውት ይሆናል» አለች፤ ሰዎች ሳቁ። ሴትዮዋ ልጅ የተባለው የት እንዳለ አታውቅም ነበር።

ሸዋዬ ሳህን ይዘው የቆሙትን ሕፃናት አየች። የሁሉም ምርቃት ለይትባረክ ያስፈልገዋል፤ ድስቱም እነሆ በእጇ ነው። የሰው ልጅ ታሞ የኔ ሊድን? አለች በሆዷ።

አንጥረኛው ያሉትን ከእሷ የሰሙት መሪጌታ ቀረብ ብለው በዝግታ፣ «እርግጠኛ ነሽ?» አሏት።

«ባልሆንስ፣ አባ፣ በሰው ሆድ ልሞክረው?»

ከዚያ ጠመኔ አንሥታ በጠቆረው የድስቱ ጎን ላይ ጻፈች። ፊደል የቆጠረችው ይትባረክ ከዘመተ በኋላ በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ በስልክ መልእክት ቢልክ ሰው ሳታስቸግር ራሷ ልታነበው። የልጇ ቃል እስካሁን አልመጣም፤ በዚያች ገና ባልጸናች እጇ ግን «አይበሰልበትም» ብላ ጻፈች።

ከየጎረቤቱ ትናንሽ ድስት ተለመነ፤ ወጡ በጥቂት በጥቂቱ ሲወጣ ጀንበር ጠለቀች፤ ሳህኑን ታቅፎ የተኛ ሕፃን ነበር። የተረፈው ቲማቲም በማግስቱ ከአጥር ውጭ ተደፋ፤ ያዩት ሁሉ አጉረመረሙ፤ ሸዋዬም አንገቷን ደፍታ አካፋውን ራሷ ያዘች።

ሰላም ከተባለ በኋላ አቶ ገድሉ ንጹሕ ቆርቆሮ አግኝተው ድስቱን ለበጡት፤ ሆዱም እንደ ቀድሞው ነጭ ሆነ። እንደገና እሳት ላይ የወጣው ለይትባረክ ተዝካር ነው። አደይ ማገዶውን ልትለኩስ ስትጎነበስ፣ ጥቁር የለበሰችው ሸዋዬ ከተቀመጠችበት ተነሥታ መጣች፤ አስቀድማ ውኃ ጨመረችበት፤ ተመልሳም ተቀመጠች።

የዚያን ዘመን ነገር የመዘገቡ ሰዎች የተያዘውንና የተለቀቀውን ከተማ፣ የተፈናቀለውንም ሕዝብ ጽፈዋል፤ ከዚያች ግቢ ግን ምግብ ያሳመመው ሰው አልነበረምና የሚጻፍ አልተገኘም። ሳይደርስ የቀረ ክፉ ነገር ምስክር የለውም። ያን ጊዜ በሰልፉ ከቆሙት መካከል ዛሬ ሸዋዬን የሚያነሷት ቢኖሩ፣ «ያች ቲማቲሙን ያስደፋችው ሴት» ብለው ነው።