የአውድማው ጎጆ ሟች

ወልደተንሣኤ ታንቆ ሞቶ የተገኘው ለብቻው በተገለለባት የአውድማ ጎጆ ውስጥ ነበር። ከብቱ ባለቀበት በዚያ ክፉ ዓመት የጎረቤላን መንደር ፈንጣጣ ደርቦ ገባባት። የእሱም ፊትና ክንድ ውኃ ሲቋጥር ጎረቤቶቹ አውጥተው እዚያ አስቀመጡት። ምግብ የሚያደርስለት ፈንጣጣ እንዳይዝ ሰውን በምላጭ እየበጣ የሚከትበው የአልዩ አምባው ፈረጅ ብቻ ነበር፤ በልጅነቱ ፈንጣጣ ይዞት ስለዳነ ዳግም አይፈራውም። ሌላ ማን ይግባ? አገሩ በሽታውን ያመጣውም ሰውየውን የገደለውም ፈረጅ ነው ብሎ ቤቱን አቃጠለ፤ እሱንም በዱላ ደብድቦ፣ የፊጥኝ አስሮ ወይራ ሥር ጣለው።

ዳኛ ኃይለሚካኤል ከአንኮበር ሲደርሱ የሟቹ ታናሽ ወንድም ታመነ ገዳዩን ስጡኝ፣ ደሜን ልመልስ እያለ ይጮህ ነበር። ሰዉ ድንጋይ ይዟል። ፊታቸው በፈንጣጣ የተጠቀጠቀው ቁጡ ሽማግሌ፣ ሳይፈረድ የወረወረ ወዮለት ብለው ሬሳውን ገለጡ። ሁሉም አፍንጫውን ይዞ ሸሸ። እሳቸው የሟቹን መዳፍና ውስጠ እግር አገላብጠው አዩ።

«ትናንት ምን አየህ?» አሉት ፈረጅን።

«ወላሂ፣ ጌታዬ፣ ቁስሉ ፈንጣጣ አልመሰለኝም። ነገ ወደ ቤቱ መልሱት ብዬ ለወንድሙ ነገርኩት።»

ታመነ ውሸት ነው አለ። የሟቹ ሚስት ደመቀች ግን፣ ታመነ በሽታ ይከላከላል ብሎ ባሏን ፊቱና ክንዱ ላይ ነጭ መድኃኒት እንደቀባውና በማግስቱ ውኃ እንደቋጠረ ተናገረች።

ዳኛው በሽታው እንዳይተላለፍ ሰዉን አውድማው ላይ አራርቀው አቆሙት።

«ፈንጣጣ እኔን ሲይዘኝ መዳፌንም ውስጠ እግሬንም አልማረኝም» አሉ። «የዚህ ሰው ግን ጥርት ያለ ነው። የቆሰለው የተቀባው ቦታ ብቻ ነው፤ ያቃጠለው የቁልቋል ወተት ነው። የቀባው ሰው ሟቹን ለብቻው ጥላችሁ እንደምትሸሹ ያውቃል። ፈረጅ ሲነቃበት ግን ጊዜ አጣና ሌሊቱን ገብቶ አነቀው። ታመነ፣ ጠዋት ሬሳውን ማን አወጣው?»

«እኔ ነኝ። ወንድሜ አይደለም?»

«አቅፈህ ስመኸዋል ይሉሃል።»

«ስሜዋለሁ።»

ሰዉ ጠዋት ታመነን ያመሰገነው በሽታውን ሳይፈራ ወንድሙን በማቀፉ ነበር።

«ባለፈው ወር ልጅህ ንጋቷ በፈንጣጣ ስትሞት የት ነበርክ?»

የመለሰችው ደመቀች ናት።

«ከወንዝ ማዶ ቆሞ ነበር። አባዬ እያለች ስትጣራ አልተሻገረም። የቀበራት ፈረጅ ነው።»

«ፊትህ ላይ አንድ ጠባሳ የለም፤ ፈንጣጣ ይዞህ አያውቅም» አሉት ዳኛው። «ለልጅህ የፈራኸውን በሽታ ለወንድምህ ያልፈራኸው፣ እንደሌለበት ስለምታውቅ ነው።»

«የኔ በሬዎች አለቁ» አለ ታመነ በመጨረሻ። «የሱ ጥማድ ተርፎለት ሳለ አንድ ቀን እንኳ አላውስህም አለኝ።»

ዳኛው ለመፍረድ አፋቸውን ሲከፍቱ የመጀመሪያው ድንጋይ ታመነን ግንባሩ ላይ መታው። የወረወረችው በሰለች የምትባል ጎረቤቱ ነበረች። ከዚያ ሁሉም ወረወረ። ዳኛው ቢጮሁ፣ በአለንጋ ቢማቱ የሚሰማቸው አልነበረም፤ ታመነ ክምር ድንጋይ ሥር ቀረ። ሰዉ ጠዋት ለፈረጅ ያነሳውን ድንጋይ አንድ ቦታ ሳይጥለው አላረፈም፤ ዳኛው ይህን ሲያዩ በዳኝነታቸው አፈሩ።

ፈረጅን ራሳቸው ፈቱት። በሰለች እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ሴት ልጇን ወደ እሱ ገፋች።

«ሳይይዛት ክተብልኝ፣ ወንድሜ።»

ፈረጅ ቀኝ እጁን ከጀርባው አምጥቶ አሳያት። ጣቶቹን ጠዋት ሲደበድቡት በዱላ ጨፍልቀዋቸው ነበር።

«ምላጩን በምን ልያዘው?» አላት።