ሁለት ጊዜ የሚናገረው ሰው

መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «ሁለቴ» እያለ ነው የሚጠራው። በትልቁ የመድን ኩባንያ ስልክ ክፍል ደንበኞችን የሚያነጋግረው ይህ ወጣት ያለውን ሁሉ ይደግመዋል። «ማመልከቻዎ ደርሶናል። ማመልከቻዎ ደርሶናል።» ባልደረቦቹ ሊፍት ውስጥ ሳይቀር ይቀልዱበታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል።

እሷ ደግሞ እዚያው ኩባንያ ለሠራተኞች የሚሰጠውን ሥልጠና የምታዘጋጅ ናት። ሰሞኑን የተሰጣት ርእስ የደንበኛ አያያዝ ስለሆነ ስልክ ክፍል የሄደችው ሥራውን ለማየት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የምትሄደው ሁለቴን ለማየት ነው። ሰበብ መቼም አይጠፋም። አንድ ቀን እንዲያውም «ኮምፒዩተሬ እምቢ አለኝ» ብላ ሄደች፤ እዚያ ኮምፒዩተር እንደማይጠገን ልቦናዋ እያወቀ። እሱም አላሳፈራትም፤ ሻይ ጋበዛት።

«እስኪ እውነቱን ንገረኝ፤ ለምንድን ነው ሁሉን የምትደግመው?» አለችው ሻይ ክበቡ ጥግ ላይ እንደተቀመጡ።

ፈገግታው ጠፋ። ብርጭቆውን እያሽከረከረ፣ እንደ ልማዱ ሁሉን እየደገመ ነገራት።

«ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለማንም ነግሬ አላውቅም። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንድ አባት ደወሉ፤ የመኪና አደጋ የደረሰባቸው። የምነግራቸውን መልሰው መላልሰው ይጠይቁኛል። ያን ቀን ደግሞ አለቃዬ ተቆጥቶኝ ደሜ ፈልቷል። ‹ጆሮ የለዎትም እንዴ!› ብዬ ጮኽኩባቸው።»

«ከዚያስ?»

«‹አዎ ልጄ› አሉኝ። ‹አንዱ በአደጋው ሄዷል፤ ሌላውም ደክሟል።›»

 እሷ አተኩራ ስታየው ዓይኗ በራ። ያንን የዓይን ብርሃን አየው፤ ልቡም ያኔውኑ ተሸነፈ።

ክፋት አልነበረባትም። ታሪኩን ለሥልጠናው ምሳሌ አድርጋ ስትጽፈው ወንዱን ሠራተኛ ሴት አደረገችው፤ ቅርንጫፉንም ለወጠች፤ የመኪናውን አደጋ የእሳት አደጋ አለችው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን መሰረዝ አቃታት፦ «ከዚያ ቀን ወዲህ ሠራተኛዋ ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ትናገራለች።» ሰርዛ አየቻት፤ ጽሑፉ ነፍስ አጣ። መልሳ አስገባቻት። ነገ አስፈቅደዋለሁ እያለች የሥልጠናው ቀን ደረሰ።

አዳራሹን የሞላው የስልክ ክፍል ሠራተኛ ነበር። ምሳሌውን ጮክ ብላ አነበበች። ያቺ ዓረፍተ ነገር ጋ ስትደርስ ከኋላ አንዱ ሳቁ አመለጠው። ከዚያ ራሶች አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ሁለቴ የተቀመጠው እዚያ ነበር።

ቀጥሎ የቡድን ውይይት ነበር። ጥያቄው «ይህች ሠራተኛ ምን ጎደላት?» ይላል።

«ሁለቴ ያቅርብልን!» አሉ የቡድኑ አባላት እየተጠቃቀሱ።

ተነሣ። ወረቀቱን ያዘና «ሠራተኛዋ ትዕግሥት የላትም» ብሎ አነበበ። «ለዚህ ሥራ አትመጥንም።» እያንዳንዱን አንዴ ብቻ አለው። ከዚያ ተቀመጠ።

አዘጋጇ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አፏ ግን ለምዶበት «በጣም ጥሩ፣ እናመሰግናለን» አለ። በኋላ ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ይኸው ምስጋናዋ ነው።

አለቃዋ በር ላይ ጠበቋት። «እንዲህ ያለ ምሳሌ ከየት አገኘሽ? ለሁሉም ቅርንጫፍ ይላካል። ይሄ ዕድገት የሚያሰጥ ሥራ ነው!» አሏት። ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም።

ሁለቴን ያገኘችው ወረቀት ማከማቻው ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጦ ነው።

«ይቅርታ አድርግልኝ።»

«ሂጂ።»

«ስምህን አልጠራሁም እኮ፤ ሴት አድርጌ፣ ቅርንጫፉን ቀይሬ...» አለችና አቋረጠች። ማመካኛዋ ለራሷም አስጠላት።

«ስነግርሽ ዓይንሽ በራ» አላት። «የወደድሽኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ምሳሌ አግኝተሽ ነው።»

መዋሸት ትችል ነበር።

«ሁለቱም ነው» አለች። «ወድጄሃለሁ። ደግሞም እዚያው አጠገብህ ቁጭ ብዬ፣ ይሄ ለሥልጠናው ይሆነኛል ብዬ አስቤያለሁ። አፍሬያለሁ።»

«ቀሪውን እንኳ አልጠየቅሽኝም።»

«ቀሪ ምን አለው?»

«በነጋታው ቤታቸው ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። መድገም የለመድኩት እዚያ ነው። አንዴ የተናገርኩት አይሰማቸውም፤ ስደግመው ግን ከንፈሬን አይተው ይገባቸውና ይስቃሉ። እስከ ዛሬ እሁድ እሁድ እሄዳለሁ።»

ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ያን ቀን የምትፈልገውን እንዳገኘች መስማት አቁማ ነበር። ከዚያ ወጥታ በቀጥታ አለቃዋ ዘንድ ገባች።

«ምሳሌው አይላክም።»

«ለምን ሲባል?»

«የኔ አይደለማ። ሳላስፈቅድ ከሰው የወሰድኩት ነው።»

«እንግዲያው ዕድገቱንም እርሺው!»

«እሺ» አለች፤ ወደ ማከማቻውም ተመለሰች። አልሄደም ነበር። በሩ ላይ ቆመች።

«እኔም ለማንም ያልነገርኩት፣ የሚያሳፍረኝ ነገር አለኝ። ልንገርህ። ከፈለግህ እኔ እንዳደረግሁህ አደባባይ አውጣው።»

ረጅም ጊዜ አያት። ዓይኗን አልሰበረችም። በመጨረሻ ካርቶኑ ላይ ጠጋ አለላት።

«ነይ ቁጭ በይ» አለ። ከዚያ፣ ትንሽ ቆይቶ፣ «ነይ ቁጭ በይ።»

ሁለተኛውን ስትሰማ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ተቀመጠችና ነገረችው።

ዛሬ ባልና ሚስት ናቸው። እሁድ እሁድ ወደ ሽማግሌው ቤት አብረው ይሄዳሉ። ሥልጠናው አሁንም ይሰጣል፤ አዲሱ ምሳሌ ግን ደረቅ ስለሆነ ሠልጣኞቹ ያዛጋሉ፤ አዘጋጇን ግን ቅር አይላትም። ያን ቀን ካርቶኑ ላይ ተቀምጣ ምን እንደነገረችው እሱ ለማንም አልተናገረም። እኔም አልጽፈውም።